«ፒዩር ነው፣ ወረቀትም አለው» ስለተባለው ቡችላ

የአንባቢ ደብዳቤ

ውድ የዓምዱ አዘጋጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። ግቢያችን ሰፋ ያለ ነው፤ ማንጎና ጌሾ አለበት፣ ዶሮም እናረባለን። ባለፈው ክረምት ግማሹን ዶሮ ሸለምጥማጥ ጨረሰብን፤ አጥር ዘሎ የገባ ሰው ደግሞ የውኃ ፓምፓችንን ይዞ ሄደ። ስለዚህ ውሻ ልንገዛ ቆረጥን። አንድ ሻጭ የ45 ቀን የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ አለኝ፣ «ፒዩር ነው፣ ወረቀት አለው፣ ክትባቱንም ጨርሷል» ይለኛል። ባለቤቴ ሮትዋይለር ካልሆነ አይሆንም ባይ ነው። የእኅቴን ልጅ ስልኩ ላይ ያየው ዓይነ ሰማያዊ ሃስኪ ልቡን ወስዶታል። ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ «ምን አስቸገራችሁ? የኔ ውሻ ወልዳለች፣ አንዷን ውሰዱ፤ ዘሯ ከስሜን ቀይ ቀበሮ ነው» ይሉናል። ለመሆኑ እነዚህ ውሾች ከየት የመጡ ናቸው? ንጹሕ መሆኑን በምን ልለይ? ለእኛ ግቢስ የትኛው ይበጃል?
እኅታችሁ፣ ከባሕር ዳር

ምላሽ

ውድ እኅታችን፣ ለሻጩ ቀብድ ካልሰጡት ለጊዜው እጅዎን ሰብሰብ ያድርጉ። የ45 ቀን ቡችላ ክትባት ሊጨርስ አይችልም። ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበሽታ የሚጠበቀው ከእናቱ እንገር ባገኘው መከላከያ ነው። ያ መከላከያ በደሙ ውስጥ እስካለ ድረስ የሚወጋውን ክትባት ጭምር ያከሽፈዋል፤ የሚያልቅበት ጊዜ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ለዚህ ነው ፓርቮና ዲስተምፐር የተባሉት ቡችላ ገዳይ በሽታዎች ክትባት በ6 እና በ8 ሳምንት መካከል ተጀምሮ፣ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት የሚዘልቀው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጠው በ12 ሳምንት ገደማ ነው። 45 ቀን ማለት 6 ሳምንት ተኩል ያህል ነው፤ ስለዚህ ቡችላው ቢበዛ አንድ መርፌ ቢወጋ ነው። እሱም ቢሆን ከብልቃጡ ተነሥቶ ካርዱ ላይ የተለጠፈ ምልክት፣ ቀንና የሐኪም ፊርማ ሊኖረው ይገባል። በክትባቱ ይህን ያህል የቀለለ ሰው ስለ ዘሩ የሚነግርዎትንም በዚሁ ሚዛን ይመዝኑት።

አሁን ወደ «ወረቀቱ» እንምጣ፤ የዝርያዎቹ ታሪክም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። (ዓመታቱን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።) ውሻ ከተኩላ ተለይቶ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ከ15 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ በስም የምንጠራቸው ዝርያዎች አብዛኞቹ ግን የትናንት ናቸው፤ 200 ዓመት አይሞላቸውም። ከዚያ በፊት ውሻ የሚታወቀው በሥራው ነበር። የእረኛ፣ የአዳኝ፣ የከብት ነጂ፣ የበር እየተባለ ሥራውን የቻለ ሥራውን ከቻለች ጋር ይራባል፤ መልኩ እንደ ሆነው ይሆናል። በ1859 እንግሊዝ ውስጥ ኒውካስል ከተማ ላይ የውሾች ውድድር ተካሄደ፤ በ1873 ደግሞ ኬኔል ክለብ የተባለው የእንግሊዝ የውሻ ማኅበር ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የዘር መዝገብ ተከፈተ፤ ቆይቶም ተዘጋ። እናትና አባቱ መዝገቡ ላይ ያልሰፈሩ ውሻ የፈለገውን ያህል ቢመስል አይገባም። «ፒዩር» የሚባለው ነገር እንግዲህ ይኸው ነው፤ መዝገብ እንጂ በዓይን የሚለይ የደም ዓይነት አይደለም።

ስለዚህ ሻጩን «ወረቀቱን አሳየኝ» ይበሉት። እውነተኛ የዘር ወረቀት የመዘገበውን ማኅበር ስም፣ የቡችላውን የመዝገብ ቁጥር፣ የእናትና የአባቱን ቁጥር፣ ቢያንስ የ3 ትውልድ ሐረግ ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ ከቆዳ ሥር የሚቀበር ባለ 15 አኃዝ የማይክሮቺፕ ቁጥርም ይኖረዋል፤ ቁጥሩ በማንበቢያ መሣሪያ ታይቶ ከወረቀቱ ጋር መመሳሰል አለበት። የሚያሳይዎት የክትባት ካርድ ከሆነ፣ ማኅተሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ስለ ዘሩ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ወረቀት የለውም ማለት ውሻው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ለ«ፒዩር» የሚጠየቀውን ዋጋ ግን አይከፍሉም ማለት ነው።

የጀርመን ሼፐርድ ልደቱ በትክክል ከሚታወቅ ጥቂት ዝርያዎች አንዱ ነው። በ1899 ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ካርልስሩህ ከተማ በተካሄደ የውሾች ትርዒት ላይ ተኩላ የሚመስል አንድ የእረኛ ውሻ አየና ወደደው። ገዛው፤ ስሙንም ሆራንድ ፎን ግራፍራት አለው። በዚያው ዓመት ማኅበር አቋቁሞ ሆራንድን በመዝገቡ ላይ ቁጥር 1 አድርጎ ጻፈው። የውሻው ሥራ በግ ማገድ ነበር፤ አጋገዱ ግን ይለያል። በዚያ አገር በጎቹ የሚሰማሩት አጥር በሌለው የሰብል ማሳ መካከል ባለ ጠባብ ሣር ላይ ስለነበር፣ ውሻው ቀኑን ሙሉ በድንበሩ ላይ እየተመላለሰ መንጋው አዝመራ ውስጥ እንዳይገባ ይጠብቃል። አጥሩ እሱ ራሱ ነበር። የበግ እርባታው ሲቀንስ ስቴፋኒትዝ ውሾቹን ለፖሊስና ለጦር ሠራዊት አስተዋወቀ። በ1916 በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች መሪ ውሻ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ኦልደንቡርግ ከተማ ተከፈተ፤ ያኔም ከሠለጠኑት መካከል ይህ ዝርያ ነበረበት።

ይህ ታሪክ ግቢዎ ውስጥ ምን ሆኖ ይታያል? ድንበር ሲጠብቅ እንዲውል የተፈጠረ ውሻ አጥር አጥሩን ሲመላለስ ይውላል፤ ያልለመደው ሰው ሲመጣ ይጮኻል፤ የሚያዝዘውን ሰው ዓይን ያያል። ይህ ለእርስዎ መልካም ነው። ያው ውሻ በሰንሰለት ከታሰረ ግን በአንድ ቦታ መሽከርከር፣ ጅራቱን መንከስ፣ ያለ ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ መጮኽ ይጀምራል። «ውሻው አበደ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሥራ ያጣ እረኛ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ያህል የሚያንቀሳቅሰውና አንዳንድ ትእዛዝ የሚያስተምረው ሰው በቤቱ ከሌለ ይህን ዝርያ አንመክርም።

ሌላው መዘዝ የመጣው ከመዝገቡ ነው። ዝርያው በፍጥነት አንድ መልክ እንዲይዝ ሆራንድና ዘመዶቹ እርስ በርስ ተራቡ፤ የጥቂት ውሾች ደም ተደጋገመ፤ ከጥሩው ጋር ጉድለቱም አብሮ ረጋ። አንደኛው ጉድለት የዳሌ መገጣጠሚያ ልልነት ነው፤ የጭኑ አጥንት ራስ ጎድጓዳው ውስጥ በደንብ አይገጥምምና እየተፋተገ ያረጃል። ሁለተኛው ቆሽት (ፓንክሪያስ) የሚባለው ዕጢ ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም ማምረት የሚያቆምበት ሕመም ነው። ውሻው እንደ ጅብ እየበላ ይከሳል፤ ዐይነ ምድሩ ብዙ፣ የገረጣና ቅባት ያለው ይሆናል። ባለቤቶቹ ትል ነው ብለው መድኃኒት እየደጋገሙ ወራት ያባክናሉ።

እንግዲህ ቡችላውን ለማየት ሲሄዱ መጀመሪያ የሚያዩት ቡችላውን ሳይሆን እናቱን ነው። መንገድ ላይ ወይም መኪና ውስጥ አይቀበሉ፤ ወደተወለደበት ቤት ይሂዱ። እናቲቱ ተኝታ ከሆነ ስትነሣ ይዩዋት። የፊት እግሮቿን ተክላ ኋላዋን እየጎተተች የምትነሣ፣ ስትሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮች እንደ ጥንቸል አንድ ላይ የምታነሣ ከሆነች ዳሌዋ አጠራጣሪ ነው። እንግዳ ሲገባ ጮኻ ባለቤቷ ሲያረጋጋት ዝም የምትል መልካም ናት። ጥግ ይዛ የምትንቀጠቀጥ ወይም ሳትጮኽ የምትናከስ ከሆነች ቡችላውን ይተዉት፤ ፍርሃት በዘርም ይወርዳል፣ ቡችላዎቹም ከእናታቸው እያዩ ይማሩታል።

ጆሮው ስላልቆመ ግን አይጨነቁ። የጀርመን ሼፐርድ ጆሮ በ45 ቀኑ የተንጠለጠለ መሆኑ የደንብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይቆማል፣ ጥርስ ሲቀይርም መልሶ ሊወድቅ ይችላል። ቀለሙም ያታልላል፤ ጥቁርና ቡናማ የሚሆኑት ሲወለዱ ጥቁር ይመስላሉ፣ ቡናማው ከወር ወደ ወር ይሰፋል። ዕድሜውን ግን ጥርሱ ይናገራል። የታችኛውን ከንፈር በአውራ ጣትዎ ዝቅ አድርገው ይዩ። በ6 ሳምንት ተኩል እንደ መርፌ የሾሉ የወተት ጥርሶችና ክራንቻዎች ከፊት ወጥተው፣ ከኋላ ያሉት እየበቀሉ መሆን አለባቸው። ድዱ ገና ጫፍ ጫፉን ብቻ ካሳየ ቡችላው ከ5 ሳምንት አይበልጥም። ከፊት ሰፋ ያሉ ቋሚ ጥርሶች ካሉ ደግሞ ከ3 ወር ተኩል በላይ ሆኖት «45 ቀን ነው» እየተባለ ነው። ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑ የሚቆጠር ከሆነ ትል ሳይኖርበት አይቀርም። የወስፋት መድኃኒት ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ መሰጠት ነበረበት፤ የቡችላ ወስፋት እንቁላል ወደ ሕፃናት ስለሚተላለፍ ጉዳዩ የቤተሰብዎም ነው።

ሁሉም ቢስማማዎት እንኳ በ45 ቀኑ አይውሰዱት፤ 8 ሳምንት ይሙላው። ቡችላ ንክሻውን ማለዘብ የሚማረው በ6ኛውና በ8ኛው ሳምንት ከወንድሞቹ ጋር ሲታገል ነው። አጥብቆ ሲነክስ የተነከሰው ጮኾ ጨዋታውን ያቆማል፣ እናቱም ትገስጸዋለች። ይህን ሳይማር የወጣ ቡችላ በኋላ የልጆችን እጅ ሲነክስ ልኩን አያውቅም።

ባለቤትዎ የመረጡት ሮትዋይለር ከደቡብ ጀርመን፣ ሮትዋይል ከምትባል የገበያ ከተማ የመጣ ነው። ቅድመ አያቶቹ የሮማ ሠራዊት ለስንቅ የሚነዳቸውን ከብቶች ተከትለው አልፕስን የተሻገሩ ውሾች እንደሆኑ ይታመናል። ኋላ የከተማዋ ልኳንዳ ነጋዴዎች ከብት ለመንዳትና የሥጋ ጋሪ ለመጎተት ያዙት። ከብት በባቡር መጓጓዝ ሲጀምር ሥራው አለቀ። በ1882 ሃይልብሮን ከተማ በተደረገ ትርዒት ላይ የቀረበው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ጥሩ የሚባል አልነበረም። ከመጥፋት ያዳነው ፖሊስ ነው፤ በ1910 የፖሊስ ውሻ ሆኖ በይፋ ታወቀ።

ወንዱ 50 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። በሬ በትከሻው ገፍቶ እንዲነዳ የተራባ ውሻ ሰውንም በትከሻው ይገፋል፤ በወጣትነቱ ያልታረመ እንደሆነ ከ2 ዓመት በኋላ በገመድ የሚይዘው ሰው አይገኝም። ለፓርቮም ከሌሎች ይልቅ ተጋላጭ ነው፤ የ16 ሳምንቱን ክትባት የዘለለ ሰው ቡችላውን ለዕድል የተወ ነው። አንድ ነገር ለባለቤትዎ ይንገሩልን፤ ጅራቱ አጭር መሆኑ የንጽሕና ምልክት አይደለም። ሮትዋይለር የሚወለደው ከሙሉ ጅራት ጋር ነው፤ አጭሩን የሚያደርገው በተወለደ በቀናት ውስጥ የሚቆርጠው ሰው ነው። ጀርመን ራሷ ከ1998 ጀምሮ፣ ከአንዳንድ አዳኝ ውሾች በቀር፣ መቁረጥን ከልክላለች። የዶበርማን ቀጥ ያለ ጆሮም እንዲሁ የመቀስ ሥራ ነው። ዶበርማንን ካነሣን፣ ስሙን የወሰደው አፖልዳ ከምትባል የጀርመን ከተማ ከነበረ ካርል ፍሪድሪሽ ሉዊስ ዶበርማን ነው። ግብር ሰብሳቢ ነበር፤ ኪሱን የሚጠብቅለት ውሻ ፈልጎ ማራባት ጀመረ። ጥቁርና ቡናማ ቡችላ ሁሉ እንደ ገዢው ፍላጎት አንድ ቀን ሮትዋይለር፣ አንድ ቀን ዶበርማን እየተባለ ይሸጣልና እናቱን ሳያዩ አይመኑ።

የእኅትዎ ልጅ ቅር ይለው ይሆናል እንጂ ሃስኪ ለእርስዎ ግቢ አይሆንም። ይህ ውሻ የሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ የቹክቺ ሕዝብ ውሻ ነው፤ ሥራው ቀላል ጭነት በበረዶ ላይ በትንሽ ምግብ ረጅም መንገድ መጎተት ነበር። ወደ አላስካ የተሻገረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ዓለም ያወቀው ግን በ1925 ኖም በምትባል የአላስካ ከተማ ዘጊ አናዳ (ዲፍቴሪያ) የተባለው የጉሮሮ በሽታ በተነሣ ጊዜ ነው። 20 ነጂዎችና 150 ያህል ውሾች እየተቀባበሉ መድኃኒቱን 1,085 ኪሎ ሜትር ያህል በ5 ቀን ተኩል ባልሞላ ጊዜ አደረሱ። ዝናውን የመጨረሻውን ዙር የሮጠው ባልቶ ወሰደው እንጂ፣ ረጅሙንና አደገኛውን መንገድ የሄደው ቶጎ የሚባለው ነበር።

የጀግንነቱ ታሪክ ለጥበቃ አይጠቅምዎትም። ሃስኪ እንግዳ ሲያይ ጅራቱን ይቆላል፤ ፓምፑን የወሰደብዎት ሰው ተመልሶ ቢመጣ አብሮት እስከ በር ይሸኘዋል። አደን ግን አልተወም፣ ዶሮዎን ከሸለምጥማጡ ቀድሞ ይጨርሳል። አጥር ሥር ቆፍሮ ይወጣል። ከሁሉ በላይ፣ ድርብ ጠጉሩ የተሠራው ለሳይቤሪያ ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን የቀትር ሙቀት ያውቁታል። አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ጠጉሩን መላጨትም መፍትሔ አይሆንም፤ የላይኛው ጠጉር ፀሐይንም የሚከላከል ነው፣ ሲበቅልም ተበላሽቶ ሊበቅል ይችላል። ሰማያዊ ዓይንም ብቻውን የሃስኪነት ማረጋገጫ አይደለም።

ጣና ዳር ስላሉ «ላብራዶርስ?» የሚል ዘመድ መምጣቱ አይቀርም። እሱ በካናዳ ያለችው የኒውፋውንድላንድ ደሴት ዓሣ አጥማጆች ውሻ ዘር ነው፤ መረብ ይጎትት፣ ያመለጠ ዓሣ ይይዝ ነበር። ዝርያው በእንግሊዝ መዝገብ የገባው በ1903 ነው። ውኃ ሲያይ አይያዝም፣ ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ለጥበቃም አይሆንም። በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከ4 ላብራዶሮች አንዱ ገደማ የመጥገብ ስሜትን የሚያጎድል የዘረመል ለውጥ ይሸከማል፤ ሌባ ሥጋ ከያዘ ወዳጁ ነው ማለት ነው።

ወደ ጋሼ ቡችላ እንምጣ። የቀይ ቀበሮውን ነገር በአክብሮት ይተዉት። ቀይ ቀበሮ ከውሻ ጋር መዳቀል መቻሉ እውነት ነው፤ ባሌ ውስጥ ታይቷል። ነገር ግን የሐበሻ ውሻ አባት አይደለም፤ ቀይ ጠጉርና ሹል አፍ በአገራችን ውሾች ዘንድ የተለመደ መልክ ነው። እንዲያውም በሁለቱ መካከል የሚፈራው ሌላ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ካልተከተቡ ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር በባሌ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል።

የሐበሻ ውሻ ማንም ማኅበር መዝግቦ ያልዘጋው የመንደር ውሻ ነው። ውሻ ወደ አፍሪካ የገባው ከምዕራብ እስያ በግብፅ በኩል እንደሆነ ይታሰባል፤ ከዚያ ወዲህ የመረጠው መዝገብ ሳይሆን አገሩ ነው፣ መዥገሩና ረሃቡ። በ2009 የታተመ፣ የግብፅን፣ የዩጋንዳንና የናሚቢያን የመንደር ውሾች የመረመረ የዘረመል ጥናት እነዚህ ውሾች ሰፊ የዘረመል ብዝኃነት እንዳላቸው አሳይቷል። ከዝርያዎቹ መካከል የኮንጎው ባሰንጂ ከእነሱ ጋር ሲቀራረብ፣ «አፍሪካዊ» የሚባለው ሮዴሽያን ሪጅባክ አብዛኛው ደሙ ከውጭ ሆኖ ተገኘ። ብዝኃነቱ በተግባር ሲታይ እነዚያ የዳሌና የፓንክሪያስ ችግሮች በመንደር ውሻ ላይ አይበዙም ማለት ነው። ቁመቱ መካከለኛ፣ ጠጉሩ አጭር፣ እንግዳን በጩኸት የሚቀበል፣ ሌሊት የሚነቃ ነው። እርስዎ ከደብዳቤዎ እንደተረዳነው የፈለጉት ሰው የሚነክስ ሳይሆን ሰው የሚያሳውቅ ውሻ ነው፤ ስለዚህ ምርጫችን የጋሼ ቡችላ ናት። ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን የዳሰሰ የ2022 ጥናት በግለሰብ ውሾች ጠባይ ላይ ካለው ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። የቀረው የአስተዳደግና የየራሳቸው ተፈጥሮ ነው፤ የእናቲቱን ጠባይ ደግሞ አጥር ለአጥር እየኖሩ ለዓመታት አይተውታል።

የወጪውም ነገር ቀላል አይደለም። 32 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሼፐርድ በቀን 1,500 ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል፤ 15 ኪሎ የምትሆን የሐበሻ ውሻ 850 ያህል ይበቃታል። ትልቅ ዝርያ ቡችላ በእንጀራ ፍርፋሪና በሥጋ ብቻ ሲያድግ ካልሲየም ያንሰውና እግሩ ይጎብጣል። ይህን ፈርተው ከፋርማሲ የካልሲየም ሽሮፕ በላይ በላዩ የሚሰጡትም አጥንቱን በሌላ መንገድ ያበላሹታል፤ ልኩን ሐኪም ይንገራቸው።

ማንኛዋንም ቢያሳድጉ የቤታችን ወጥ ለውሻ አይሆንም። ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የተቁላላ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፤ ለ10 ኪሎ ውሻ 150 ግራም ያህል በቂ ጉዳት ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ድዷ ገርጥቶ ሽንቷ ጠቆር ካለ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዷት። በበዓል እርድ ጊዜ ሳንባና ጉበት ጥሬውን አይጣልላት። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካለበት በአንጀቷ ውስጥ ትንሽ የኮሶ ዓይነት ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በዐይነ ምድሯ ወጥቶ ወደ ሰው ሲገባ ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀቅሉት፣ ከረጢቱን ይቅበሩት፣ በየ3 ወሩም ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በሐኪም መጠን ያሰጧት።

መዥገር በክረምት ሲበዛ አይቨርሜክቲን የተባለውን የከብት የመዥገርና የትል መድኃኒት የሚወጋ ሰው ይመጣል፤ አያስነኩ። ገበያ ላይ ያለው 1 በመቶው መድኃኒት በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል፣ ይህም ለ50 ኪሎ ከብት የተሰላ ነው። 6 ኪሎ ቡችላን ግማሽ ሚሊ ሊትር መውጋት የከብቱን መጠን ከ4 እጥፍ በላይ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ታሪኩ መልሶ ይመጣል። ኮሊ የተባለውን ዝርያ የመሳሰሉ የእረኛ ውሾች፣ አልፎ አልፎም የጀርመን ሼፐርድ፣ መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚከለክለው ኤም.ዲ.አር.1 የተባለው ዘረመል ጉድለት ሊኖርባቸው ይችላል። እነዚህ በከብቱ መጠን እንኳ ይንገዳገዳሉ፣ ለሃጫቸው ይዝረከረካል፣ ዓይናቸው ይጠፋል፣ ሊሞቱም ይችላሉ። መዥገሩን በየሳምንቱ ከጆሮ ውስጥ፣ ከአንገት ሥርና ከጣቶች መካከል እየፈለጉ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዘው ቀጥ አድርገው ይንቀሉ፤ የሚቀባውን መድኃኒት ለውሻ የተሠራውን ብቻ ይጠቀሙ።

ቡችላዋ 8 ሳምንት ሲሞላት ትምጣ። ክትባቷን እላይ እንደጻፍነው ያስቀጥሉ፣ የእብድ ውሻውን ከዓመት በኋላ ያስደግሙ። ማንንም ብትነክስ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሴት ስለሆነች ከ6 ወሯ በኋላ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ አጥርዎ ሥር ያድራል፤ ማስመከን የሚችል ክሊኒክ ካሁኑ ይጠይቁ። ከዶሮዎቹ ጋር ስታስተዋውቋት በገመድ ይዘው፣ ራቅ አድርገው፣ ዶሮዎቹን ዓይታ ወደ እርስዎ ስትዞር ቁራጭ ሥጋ ይስጧት። ስትሮጥባቸው ብቻ የሚጮኹባት ከሆነ ማሳደዱ ጨዋታ ይሆንላታል። አንድ ጊዜ ዶሮ ይዛ ከበላች ማስተው ከባድ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት ብቻዋን ከዶሮ ጋር አይተዋት።

ሸለምጥማጡን ግን ውሻ ብቻ አያስቀረውም፤ የሚመጣው በዛፍና በጣራ በኩል ነው። የዶሮ ቤቱን መስኮትና የጣራውን ሥር ቀዳዳው ከ2 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጠንካራ ሽቦ ይምቱት፤ የዶሮ ሽቦ የሚባለውን ቀጭኑን በጥርሱ ይቀደዋልና አይበቃም። ከሥር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ይቅበሩት፣ በጣራው ላይ የተንጠለጠለውን የማንጎ ቅርንጫፍም ያስቆርጡ።